አክራ ላይ የጋናን የነፃነት ሐውልቶች እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

አክራ ጎራ የሚል እንግዳ ብዙውን ጊዜ ባሕሩ ዳር ባለው የነፃነት ቅስት ስር ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። እኔ ግን ከሌላ ቦታ ጀምሩ እላለሁ። ግማሽ ቀን ካላችሁ ታሪኩን ከሥሩ ይዛችሁ በእግር መከተል ይቻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዲስ አበባ አክራ ቀጥታ በረራ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ያስፈልጋል። የቪዛውን ነገር ትኬት ሳትቆርጡ በፊት ኤምባሲያቸውን ጠይቁ። ለመግቢያና ለታክሲ የሚሆን ሴዲ (የጋና ገንዘብ) በጥሬው ያዙ። ኮፍያና ውሃም አትርሱ፤ አደባባዩ ሰፊ ነው፣ ጥላ የለውም።

መጀመሪያ ወደ ክዋሜ ንክሩማ መታሰቢያ ፓርክ ሂዱ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ጠዋት ብትገቡ ጥሩ ነው። ቦታው በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዞች የፖሎ መጫወቻ ሜዳ ነበር። የጋና የመጀመሪያው መሪ ንክሩማ ማርች 6 ቀን 1957 እኩለ ሌሊት ላይ የጋናን ነፃነት ያወጁት እዚሁ ነው። «ነፃነታችን ከመላው አፍሪካ ነፃነት ጋር ካልተያያዘ ትርጉም የለውም» ያሉትም በዚያው ንግግር ነው።

ትልቁን ሐውልት ካያችሁ በኋላ ጭንቅላት የሌለውን ፈልጉ። በ1966 ንክሩማ በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ የተገረሰሰው የድሮው ሐውልታቸው ነው። ገላው እንደተሰበረ ቆሟል። ጭንቅላቱን አንድ ሰው ለዓመታት ደብቆ አቆይቶ በ2009 መለሰው፤ አሁን እዚያው አጠገቡ ለብቻው መቆሚያ ተሠርቶለታል። ሳይጠግኑ መተዋቸው ልክ ነው። ነፃነት ከመጣ በኋላ ምን እንደተፈጠረም ሳይሸፋፍን ይናገራል። እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ መካነ መቃብሩ አለ። ንክሩማ በ1972 በስደት ሳሉ ሩማንያ ውስጥ አረፉ። መጀመሪያ ጊኒ፣ ከዚያ የትውልድ መንደራቸው ንክሮፉል ተቀበሩ። እዚህ የመጡት በ1992 ነው። ባለቤታቸው ፋቲያም ጎናቸው ተቀብረዋል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፤ አስጎብኚ ካገኛችሁ ግን ፎቶዎቹ ነፍስ ይዘራባቸዋል።

ከፓርኩ ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጥቁር ኮከብ አደባባይ ተጓዙ። ሙቀቱ ከከበዳችሁ ታክሲ ያዙ። በዚህ በኩል «ፌብሯሪ 28» የሚባል መንገድ ታገኛላችሁ፤ ስሙን ዝም ብላችሁ አትለፉት። በዚያ ቀን በ1948 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች የተነፈጉትን ጥቅም ለመጠየቅ ባዶ እጃቸውን ወደ እንግሊዙ ገዢ ቤተ መንግሥት ሲሄዱ ተተኮሰባቸው። ሦስቱ ሞቱ፦ አጄቴ፣ አቲፖና ኦዳርቴ ላምፕቴ። አክራ በረብሻ ተናጠች፤ የነፃነቱም ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚገታ አልሆነም። ለኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለው። የዚያው አገር ወታደሮች፣ ያኔ ጎልድ ኮስት ይባል ነበር፣ በ1941 ደቡብ ኢትዮጵያ ዋደራ ላይ ጣሊያንን ተዋግተዋል።

አደባባዩ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። አናቱ ላይ ጥቁር ኮከብ ያለው፣ «ነፃነትና ፍትሕ» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት የጥቁር ኮከብ በር ነው። ወደ ባሕሩ የቀረበው ደግሞ የነፃነት ቅስት ነው፤ ንክሩማ በ1961 የለኮሱት የነፃነት ችቦ ያለው እዚያ ነው። የሚውለበለበው ባንዲራ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ ንድፉን ያወጡት ቴዎዶሲያ ኦኮ የተባሉ ጋናዊት ናቸው።

ፎቶ ስታነሱ ጥበቃ ላይ ያለ ወታደር ካለ ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ያ የእንግሊዙ ገዢ የነበረበት የኦሱ ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው። ማርች 6 አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰልፉ አክራ መሆኑን አጣሩ። ክብረ በዓሉ አንዳንድ ዓመት ሌላ ከተማ ነው የሚደረገው።