ስለ ጌም መጨረሻ ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ጌም ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ኳስ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፕሌስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ የምትሰሙት የጎል ጩኸት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር የያዘን ጥቂት ልጆች አለን። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ሰይፍ፣ ረጅም ታሪክ፣ በየመንገዱ «ይህን ታደርጋለህ ወይስ ያንን?» እያለ የሚጠይቅ ጌም። አርፒጂ የሚባለው። እሁድ ከሰዓት አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። የኮምቦልቻዎቹ ሐረጎን በሚኒባስ ወጥተው፣ ጃኬታቸውን ደራርበው ይመጣሉ። ቡና ይፈላል። ከዚያ የጨረስነውን ጌም መጨረሻ አንስተን በላ ልበልሃ ነው።

ይህን ክርክር በጣም እወደዋለሁ። ሰው ጌም ውስጥ ማንን እንዳዳነ፣ ማንን እንደተወ ሲያስረዳ ስለ ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ለዚህ ነው ሲበላሽ የሚቆጨኝ። የሚያበላሹትም ሁልጊዜ እነዚያው ስህተቶች ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የዊቸር 3፣ የአንደርቴል፣ የባልደርስ ጌት 3፣ የድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስ፣ የፌብል 2 እና የስካይሪም ታሪክ እዚህ ይገለጣል። ያልጨረሳችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያልተጫወቱትን መጨረሻ ይዞ መምጣት

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ አይቶ ለክርክር የሚመጣ ሰው።

አያቴ ተረት ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትል ነበር። ከመሃላችን ሁልጊዜ አንድ እንቅልፍ የሚጥለው ልጅ አለ። እዚያች ላይ ይነቃና «ጅቡ ምን ሆነ?» ይላል። ገደል ገባ እንለዋለን። እኛ ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን ነው፣ እሱ ግን አይስቅም። ጅቡ ገደሉ አፋፍ እስኪደርስ የሄደበትን መንገድ አላየማ! መጨረሻውን ግን በትክክል ያውቀዋል።

አንድ እሁድ የ2015ቱን ዊቸር 3 አንስተን ሚስቱ የጠፋችበት የአካባቢው ገዢ፣ የባሮኑ ታሪክ ላይ ደረስን። የተጫወታችሁት ታውቁታላችሁ። የምንጫወትበት ጄራልት ኮረብታ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል። ልፍታው ወይስ ልግደለው ነው ጥያቄው። ብትፈቱት ረግረጉ ውስጥ ያሉት ወላጅ አልባ ልጆች ይተርፋሉ፣ ግን መንደር ያልቃል፣ የባሮኑ ሚስት ትሞታለች፣ ባሮኑም ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ብትገድሉት ሚስትየው አእምሮዋን ስታም በሕይወት ትቆያለች፣ ባሮኑም ሊያሳክማት ይዟት ይሄዳል። ልጆቹ ግን የሦስቱ የረግረጉ ጠንቋይ አሮጊቶች ቀለብ ይሆናሉ።

አንዱ ልጅ ሁለቱንም መጨረሻ በስልኩ አይቶ መጣ። ቡናው ሳይቀዳ «ምን ያከራክራል? ግደሉት በቃ፣ ቤተሰብ ይተርፋል» አለ። አጠገቡ የተቀመጠው የኮምቦልቻ ልጅ ግን መንፈሱን የፈታው ሰው ነው። ረግረጉ ውስጥ ልጆቹን አግኝቶ አነጋግሯቸዋል። ያንን ሰካራም ባሮን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ እየጠላው፣ በኋላ እያዘነለት አውቆታል። ግቢው ገብቶ ዛፉ ላይ ሲያየው ጆይስቲኩን አስቀምጦ ውጭ ወጥቶ እንደቆመ ነግሮኛል። አሁን አስቡት፣ ይህ ሰው ውሳኔውን ሊያስረዳ ይፈልጋል። ያኛው ደግሞ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ይለዋል። አንተ ብትሆን? አንተማ አልነበርክም! የሚከተለውን ሳታውቅ፣ ልጆቹ ፊትህ ላይ እየመጡ፣ ያ መንፈስ እውነት ይናገር ይዋሽ ሳይገባህ አልመረጥክም። ያየኸው ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፎ ነው። ሱቅ ገብቶ ዋጋ ማነጻጸር እንደዚህ ነው፣ ውሳኔ እንደዚህ አይደለም።

ቪዲዮ አትዩ አላልኩም። እኔም አያለሁ። ለክርክር ስትመጡ ግን «ይህን ተጫውቼዋለሁ፣ ያኛውን በቪዲዮ ነው ያየሁት» ብላችሁ ጀምሩ። በድሮው ሙግት ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር ለየብቻ ነበር። እኛም ለይተን ብንሰማ ግማሹ ጭቅጭቅ አይነሳም።

መጨረሻው የተወሰነው መጨረሻ ላይ ነው ብሎ ማሰብ

ይህንን የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚያው ዊቸር 3። መጀመሪያ ስጨርሰው ጄራልት እንደ ልጁ የሚያያት ሲሪ አልተመለሰችም። ጄራልት ረግረጉ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻዋን አሮጊት ገድሎ የአስተማሪውን የቬሰሚርን ሐብል አስመለሰና እሱን ይዞ ተቀመጠ። ዙሪያውን አውሬዎች ይከቡታል። በቃ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። በማግስቱ ለጓደኞቼ «ጌሙ አጭበረበረኝ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ምርጫ አልሰጠኝም» ብዬ ለአንድ ሰዓት ተከራከርኩ።

ተሳስቼ ነበር። ምርጫው ብዙ ቀደም ብሎ፣ በትናንሽ ቦታዎች ተሰጥቶኛል። ልጅቷ ስታዝን በበረዶ ኳስ አጫውቻት ነበር ወይስ መጠጥ ቀዳሁላት? ጠንቋዮቹን ለብቻዋ ታናግር ብዬ ለቀቅኳት ወይስ አብሬ ገባሁ? ስትናደድ ዕቃውን ትሰባብር ብዬ ተውኳት ወይስ ተረጋጊ አልኳት? የጓደኛዋ መቃብር ልሂድ ስትል አብሬያት ሄድኩ ወይስ ጊዜ የለንም አልኩ? እኔ በየቦታው ጠባቂዋ ሆንኩ። ጌሙ ደግሞ የሚጠይቀኝ አምናታለሁ ወይ የሚለውን ነበር። ይህ ሲገባኝ በጌሙ የነበረኝ ቁጣ ጠፋ። ሁለተኛ ስጫወተው መቃብሩ ላይ አብሬያት ቆምኩ።

ስለዚህ መጨረሻው ካናደዳችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ወደ ኋላ ሄዳችሁ ፈልጉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እየመለሱ መምረጥ

አንዱን መርጦ ውጤቱን ካየ በኋላ ሴቭ ወዳደረገበት ተመልሶ ሌላውን ይመርጣል። ይህ የግል ጉዳይ ነው፣ አልፈርድም። ለክርክር ሲመጣ ግን «የእኔ ምርጫ» የሚለው የትኛው ነው?

ኮምቦልቻ ያለው ወዳጃችን ሳይፈልግ ደርሶበታል። ከባድ ውሳኔ ወስኖ ገና ሴቭ ሳያደርግ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስ ሌላውን መረጠ። የትኛው ነው ያንተ ብለን ስንጠይቀው ትንሽ አሰበና «የመጀመሪያው። በሁለተኛው አውቄ ነበር» አለን። ከዚህ የተሻለ መልስ ከማንም አልሰማሁም።

አንደርቴልን ያልሞከራችሁ ካላችሁ ሞክሩት። የወጣው በ2015 ነው፣ ሥዕሉ ቀላል ነው፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። አንዱን ገድላችሁ ጸጽቷችሁ ብትመለሱና ብትምሩት ጌሙ ያስታውሳል፣ ይነግራችኋልም። ሁሉንም ጨፍጭፋችሁ ከጨረሳችሁ ደግሞ በኋላ በሰላም ብትጫወቱት እንኳ መጨረሻው ንጹሕ አይሆንም።

የትኛውን ቨርዥን እንደተጫወቱ ሳይናገሩ መከራከር

ባልደርስ ጌት 3 በነሐሴ ወር 2023 ወጣ። 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። በእኛ ኢንተርኔት ይህን ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ሀርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ቀን ሁለት ልጆች በጌሙ አብራን ስለምትጓዘው ስለ ካርላክ መጨረሻ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። አንዱ «ምንም ሳይሏት አለፉ፣ ንቀት ነው» ይላል። ሌላው «እንዴት? ወደ ሲኦሉ ወደ አቬርነስ ተመልሳ ሄዳ፣ በኋላም ድግሱ ላይ አግኝቻታለሁ» ይላል። ሊጣሉ ደረሱ። በመጨረሻ ሀርድ ዲስኩን ስናየው የመጀመሪያው ልጅ ያለው በወጣበት ሰሞን የተገለበጠ ኮፒ ነው። ከዚያ በኋላ በወጡት ፓቾች (ማሻሻያዎች) የካርላክ መጨረሻ ሰፍቷል፣ በኅዳር 2023 ደግሞ ጓደኞቹ ከስድስት ወር በኋላ የሚገናኙበት ምሽት ተጨምሯል። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ሁለት ሰዓት!

መጨረሻ መቁጠር

«ይህ 36 መጨረሻ አለው፣ ያኛው 17,000 አለው።» ቁጥሮቹን የተናገሩት አዘጋጆቹ ናቸው፣ የመጀመሪያው ለዊቸር 3፣ ሁለተኛው ለባልደርስ ጌት 3። ግን ትናንሽ ልዩነቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚመጣ ቁጥር ነው። አንድ ሰው በሕይወት መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ቁጥሩን እጥፍ ያደርገዋል። በቁጥር አትከራከሩ።

«ሁሉም ያው ከሆነ ምርጫው ከንቱ ነው»

ይህን በየሁለት ሳምንቱ እሰማለሁ። የ2009ኙን ድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስ ውሰዱ። አርችዲመን የተባለውን ክፉ ዘንዶ ማሸነፍ የሁሉም ሰው መጨረሻ ነው። ዘንዶው ይሞታል። በዚህ ብቻ ካየነው አዎ፣ ያው ነው። ግን ያንን ዘንዶ የሚገድለው ግሬይ ዋርደን የተባለው ተዋጊ አብሮ ይሞታል። ከሞት የሚያስመልጥ አንድ መንገድ አለ፣ አብራችሁ የምትጓዘው ጠንቋይ ሞሪጋን ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት የምታቀርበው ሥርዓት። ከእሱ የሚወለደው ልጅ ምን እንደሚሆን ግን አታውቁም። እሺ ትላላችሁ? እንቢ ካላችሁ ትታችሁ ትሄዳለች፣ እናንተ ወይም አብሯችሁ ያለው ዋርደን ትሞታላችሁ።

ከእኛ ውስጥ አንዱ እሺ አለ፣ አንዱ ራሱ ሞተ፣ አንዱ አብሮት ያለውን ዋርደን አሊስተርን ላከው። ሦስቱም ዘንዶውን ገድለዋል። ግን አሊስተርን የላከው ልጅ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ዝም ይላል። ጥያቄው ምን ሆነ ብቻ አይደለም፣ ዋጋውን ማን ከፈለ ነው።

ሰፈሩን በሁለት ከፍሎ ደጉና ክፉው ማለት

ፌብል 2፣ 2008። አክስቴ ከጅዳ በላከችልን ኤክስቦክስ 360 ነው የጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር ይቀርብላችኋል፣ አንዱን ብቻ ትመርጣላችሁ። የጌሙ ጠላት ያስገነባው ግንብ ሲሠራ ያለቁት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይነሱ፣ ወይም የእናንተ ቤተሰብና ለእናንተ ሲል የሞተው ውሻችሁ ይመለስ፣ ወይም አንድ ሚሊዮን ወርቅ ውሰዱ።

አንድ ልጅ «ወርቅ የመረጠ ክፉ ነው፣ ቤተሰብ የመረጠ ራስ ወዳድ ነው፣ አለቀ» ብሎ ሊዘጋው ነበር። እኔ ውሻውን ነው የመረጥኩት። ጌሙን ሙሉ አብሮኝ የሄደ ውሻ ነው፣ መሬት ቆፍሮ ሣጥን ያሳየኝ፣ ጠላት ሲመጣ ቀድሞ የጮኸልኝ። ይህን ሳስረዳ እናቴ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ሰምታን አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ስኒውን ሰጥታኝ «እነዚያ የሞቱት ሰዎችስ፣ ልጄ፣ ቤት የሚጠብቃቸው የላቸውም?» አለችኝ። ክፉ ነህ አላለችኝም። ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የተነጋገርነው ከሁሉም እሁዶች የተሻለው ነበር። ሰው ላይ ስም ስትለጥፉበት ዝም ይላል፣ ስትጠይቁት ያስባል።

ባጭሩ የማልፋቸው

ያልጨረሰ ሰው ፊት መጨረሻ አታውሩ፣ መጀመሪያ ጠይቁ። «አዘጋጆቹ ሰነፎች ናቸው» አትበሉ፣ አንድ ቅርንጫፍ በተጨመረ ቁጥር ንግግሩ ይጻፋል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ እንቅስቃሴው ይሠራል፣ አብዛኛው ተጫዋች ደግሞ ላያየው ይችላል። አዲስ ጀማሪ ሲመጣ የትኛው «ትክክለኛው» እንደሆነ አትንገሩት። እባካችሁ። ተሳስቶ ይምረጥ፣ ከዚያ እንስማው።

አለመምረጥን አለመቁጠር

ስካይሪም በ2011 ወጣ። መጨረሻ የለውም ይሉታል፣ ዋናውን ጠላት፣ ዘንዶውን አልዱይንን ከገደላችሁ በኋላም ዓለሙ ስለሚቀጥል። ግን ውስጡ አንድ ጥያቄ አለ። ፓርተርናክስ የሚባል ሽማግሌ ዘንዶ ተራራ ጫፍ ላይ ይኖራል። በጥንቱ ጦርነት ከአልዱይን ጋር ሆኖ ብዙ ግፍ ሠርቷል፣ ኋላ ግን ከሰዎች ወገን ቆሞ የድምፅን ኃይል አስተማራቸው። እናንተንም ያስተምራችኋል። ዘንዶ አዳኞቹ ብሌዶች ደግሞ ግደሉት፣ እስካልገደላችሁት አንረዳችሁም ይላሉ።

የተከራከርነው ግደል ወይስ አትግደል በሚል ነበር። የኮምቦልቻው ልጅ ግን አያቱ በሽምግልና ብዙ ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። እሱ «ይህ ሽማግሌ እኮ የራሱን ደም ሲያደርቅ ነው የኖረው። ማን ነኝና ነው እንደገና የማረጥበው?» አለ። ከዚያ ምን አደረግክ አልነው። ምንም አላደረገም። ብሌዶቹን እሺም እምቢም ሳይል ወጣ፣ ተመልሶም አልሄደም። አንዱ «ይህ ምርጫ አይደለም፣ ሽሽት ነው» አለው። እኔ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ጌሙ ተልዕኮውን ዝርዝሩ ላይ ክፍት አድርጎ ይተወዋል፣ አያስገድድም። እኔም ጌሙን በከፈትኩ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ አየዋለሁ። ስንት ዓመት ሆነው፣ አልዘጋሁትም።