የባሕር ፋይቶፕላንክተን ወቅታዊ መባዛት ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት እንዴት ይለካል?

በሰሜናዊው ቀይ ባሕር የብርድ ወራት ሲገባ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ናይትሬትና ፎስፌት በተባሉት ንጥረ ምግቦች የበለጸገው የሥሩ ውኃ ደግሞ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት፣ በዓይን የማይታዩትና እንደ ዕፅዋት ከብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁት ደቂቅ ፍጥረታት ያን ጊዜ ይባዛሉ። ነገሩ በየዓመቱ የሚደጋገም ቢሆንም መጠኑና ጊዜው ከዓመት ዓመት አይገጥምም። ልዩነቱን ኢንተርኔትና ኤክሴል ያለው ሰው ራሱ ሊለካው ይችላል፤ ከስሌቱ ይልቅ የሚከብደው የተገኘው ልዩነት የባሕሩ ይሁን የአቆጣጠራችን መለየቱ ነው።

በመጀመሪያ የሚለካውን የባሕር ክልል ይወስኑ። በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ያለው የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሰፊው ቦታው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነና ክሎሮፊልን፣ ማለትም የፋይቶፕላንክተኑን አረንጓዴ ቀለም፣ ከላይ የሚለካው ሳተላይት መረጃ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ፒክስሎች (የምስሉ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች) ስለሚቀርብ፣ የባሕር ዳርቻዎቹ ፒክስሎች ሲወገዱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የዳርቻዎቹ መወገድ ደግሞ ግድ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ሳተላይቱ የባሕሩን ወለልና ደለሉን እንደ ክሎሮፊል ሊቆጥረው ይችላልና። ለጀማሪ የሚሻለው ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ ያለው ክፍት ባሕር ነው። ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ34.7 እስከ 35.3 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው አራት ማዕዘን ከ300 በላይ ፒክስሎች ይይዛል።

ቀጥሎ አኳ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው ሞዲስ የተሰኘው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2002 ጀምሮ የሰበሰበውን የክሎሮፊል መረጃ ከናሳ የውቅያኖስ ቀለም ድረ ገጽ ያውርዱ፤ መረጃው በነፃ ይገኛል። የአንድ ቀን ምስል በደመናና በአቧራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ የወር አማካይ ደግሞ መባዛቱ የጀመረበትን ሳምንት ይውጠዋል። ስለዚህ የ8 ቀን አማካዩን ይምረጡ። በዓመት 46 ፋይሎች ይኖራሉ፤ የመጨረሻው ግን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ የሚይዝ ነው። ሳተላይቱ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከቀድሞ ምሕዋሩ እየራቀ ስለመጣ የቅርቦቹን ዓመታት በጥንቃቄ ይያዙ፤ የሌላ ሳተላይት መረጃም ሳያመሳክሩ አይቀጥሉበት።

የፒክስሎቹን አማካይ ሲያወጡ በቀጥታ ደምሮ ማካፈል ያሳስታል። አራት ፒክስሎች በሜትር ኩብ 0.2፣ 0.2፣ 0.2 እና 5 ሚሊ ግራም ቢያሳዩ ተራው አማካይ 1.4 ይሆናል፤ ይህ ግን ከአራቱ አንዱንም አይመስልም። ቁጥሮቹን ወደ ሎጋሪዝም ቀይረው፣ አማካዩን አውጥተው መልሰው ቢቀይሩት 0.45 ገደማ ያገኛሉ።

የዓመቱ መነሻም ይታሰብበት። መባዛቱ ጃንዋሪን አቋርጦ ስለሚያልፍ በአውሮፓውያን ዓመት ከተቆጠረ አንዱ ወቅት ለሁለት ይቆረጣል። እዚህ ላይ የእኛው አቆጣጠር ሳይታሰብ ይመቻል፤ ከመስከረም ቢጀምሩ የብርዱ ወቅት ሳይከፈል በዓመቱ መሀል ይወድቃል።

አሁን መባዛቱ መቼ ጀመረ የሚለውን ለመወሰን መለያ መስመር ያስፈልጋል። የተለመደው ዘዴ ከዓመቱ ሚዲያን (ቁጥሮቹ በተርታ ሲደረደሩ መሀል ላይ ከሚውለው) 5 በመቶ በላይ የሆነውን መጠን እንደ መነሻ መውሰድ ነው። ችግሩ ለየዓመቱ የራሱን ሚዲያን ከተጠቀሙ ክሎሮፊል የበዛበት ዓመት መስመሩንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ዓመታትን ለማነጻጸር እኔ የምመርጠው የሁሉንም ዓመታት የጋራ ሚዲያን ነው። በዚህ ዓይነቱ ንጥረ ምግብ ያነሰው ውኃ 5 በመቶ ትንሽ በመሆኑ መጠኑ ቢያንስ በሁለት ተከታታይ የ8 ቀን ጊዜያት ከመስመሩ በላይ ሳይቆይ መባዛቱ ጀመረ አይበሉ።

ለየዓመቱ የጀመረበትን፣ ጣሪያ የደረሰበትንና ያበቃበትን ጊዜ፣ እንዲሁም የጣሪያውን መጠን ይመዝግቡ። ከእያንዳንዱ ላይ የሁሉንም ዓመታት አማካይ ሲቀንሱ የዓመቱ ልዩነት ይወጣል። አንድ ባዶ ጊዜ ቢያጋጥም ከግራና ከቀኙ መሙላት ይቻላል። ከሁለት በላይ ተከታታይ ባዶዎች መባዛቱ በሚጀምርበት ሰሞን ከገጠሙ ግን የዚያን ዓመት መነሻ ሳይሞሉ ይተዉት፤ «ዘገየ» የተባለ ዓመት ሲመረመር ሰማዩ የተሸፈነበት ዓመት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ምክንያቱን ለመፈለግ የዚያኑ ክልል የውኃ ገጽ ሙቀት፣ የዲሴምበርን፣ የጃንዋሪንና የፌብሩዋሪን፣ ከጣሪያው መጠን ጎን ያስቀምጡ። የሚጠበቀው ብርዱ የበረታበት ዓመት የበለጠ መባዛት እንዲያሳይ ነው። ሆኖም ሕዋሳቱ ብርሃን ሲያንሳቸው በውስጣቸው የሚይዙትን ክሎሮፊል ስለሚጨምሩ፣ በብርዱ ወቅት የሚታየው ጭማሪ ሁሉ የቁጥራቸው መብዛት አይደለም።

ብርድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ በእስራኤሏ የኤላት ከተማ በኩል ታይቷል። በፊሊፒንስ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በጁን 1991 ከፈነዳ በኋላ በመጣው ከወትሮው የቀዘቀዘ የብርድ ወቅት፣ የባሕረ ሰላጤው ውኃ ከ850 ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ተደባለቀ፤ በ1992 ጸደይም አልጌው እጅግ በዝቶ ኮራሎቹን በምንጣፍ መልክ ሸፍኖ ብዙዎቹን ገደለ። ይህ ሲሆን የባሕር ቀለም የሚለካ የናሳ ሳተላይት በሥራ ላይ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በ1986 አቁሞ ነበር፣ ተከታዩም ሥራ የጀመረው በ1997 ነው። ስለዚህ በሰንጠረዥዎ ከሁሉ የበለጠውን ዓመት ሲጽፉ ከጎኑ «እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ» የሚለውን ይጨምሩበት።