የመኪናው ኤምፒ3 ዝም ሲል፦ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት

ላይተር ላይ ተሰክቶ ከፍላሽ ወይም ከሚሞሪ ካርድ እያነበበ ሙዚቃውን በኤፍኤም ወደ መኪናው ቴፕ የሚልከው ትንሹ ማጫወቻ ዋጋው ርካሽ ነው። ስለዚህ ዝም ሲል ብዙ ሰው አውጥቶ ይጥለውና ሌላ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን አዲሱም ያንኑ ጠባይ ያሳያል፤ ብልሽቱ ፊውዙ፣ ፍላሹ ወይም የተመረጠው ሞገድ ላይ ነበራ። መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት የማጫወቻውን ስክሪን ይመልከቱ።

ማጫወቻው ጨርሶ ካልበራ ችግሩ ኃይል ነው። በርቶ ዘፈን ካላገኘ፣ ወይም ሰዓቱ 0፡00 ላይ ከቆመ ወደ ፍላሹ ይሂዱ። ሰዓቱ እየቆጠረ ድምፅ ከሌለ ማጫወቻው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ከእሱ ወዲያ፣ ሞገዱ ወይም ቴፑ ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ ቁልፎቹን እየጫኑ መሞከር ጊዜ ከመፍጀት በቀር የሚፈይደው የለም።

ኃይል

መጀመሪያ ማጫወቻውን ነቅለው የሚሠራ የስልክ ቻርጀር እዚያው ላይተር ላይ ይሰኩ። ቻርጀሩም ካልበራ ማጫወቻውን ይተዉት፤ ብዙውን ጊዜ የተቃጠለው የመኪናው ፊውዝ ነው። በቶዮታ መኪኖች የፊውዝ ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ከመሪው በታች ወይም ከጎን ባለው ክዳን ውስጥ ነው፤ የላይተሩ ፊውዝ በክዳኑ ሥዕል ላይ ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም 15 አምፔር ነው። ሲቀይሩ ያንኑ ቁጥር ይጠቀሙ። 30 ማስገባት ወይም በፊውዙ ቦታ ሽቦ መጠምጠም ጉዳቱን ከፊውዙ ወደ መኪናው ሽቦ ያዛውረዋል፤ ያ ደግሞ እሳት ነው።

ፊውዙ የተቃጠለበትን ምክንያትም ይፈልጉ። ክፍት ላይተር ውስጥ ሳንቲም፣ የሲጋራ ፎይል ወይም የብዕር ሞላ ወድቆ መሐሉን ከጎኑ ጋር ያገናኛል። ቁልፉን አጥፍተው፣ ቢቻል ፊውዙን አውጥተው በእጅ ባትሪ እያዩ ያጽዱ።

ቻርጀሩ የሚሠራ ሆኖ ማጫወቻው ካልበራ የማጫወቻውን አፍንጫ ይመልከቱ። በብዙዎቹ ጫፉ እንደ ብሎን ይፈታል፤ ውስጡ ትንሽ የመስታወት ፊውዝና ሞላ አለ። ሲፈቱት ሞላው ተፈናጥሮ ወንበር ሥር እንዳይገባ እጅዎን ይጋርዱበት። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ወይም መስታወቱ ጠቁሮ ከሆነ በጎኑ ብረት ላይ በተጻፈው አምፔር ይተኩ። በጣም ርካሾቹ ይህ ፊውዝ ጨርሶ የላቸውም።

ሌላው የተለመደ ነገር ጉድጓድ በተነካ ቁጥር እየጠፋ መነሳቱ ነው። ይህ የውስጥ ብልሽት ሳይሆን የመላላት ጉዳይ ነው፦ በማጫወቻው ጎንና ጎን ያሉት ክንፎች ተኝተዋል። በቀጭን መፍቻ በጥንቃቄ ትንሽ ወደ ውጭ ይግፏቸው። አንዳንዱ ሾፌር በፎይል ይጠቀልለዋል፤ ፎይሉ ትንሽ ተንሸራቶ መሐሉን የነካ ዕለት ፊውዙ ይሄዳል። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ዘፈን መጀመሩ ግን ብልሽት አይደለም፤ ስታርተሩ ሲዞር መኪናው ራሱ የላይተሩን ኃይል ይቆርጣል።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለዎት ቀዩን ሽቦ የላይተሩ መሐል፣ ጥቁሩን ጎኑ ላይ አስነክተው ይለኩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ መሆን አለበት። ከ15 በላይ ካሳየ ቮልቱን የሚቆጣጠረው የዲናሞው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ በዚያ መኪና ላይ ማጫወቻ እየቀያየሩ ከመኖር ኤሌክትሪሺያን ጋ መሄድ ይሻላል። እንደ ሲኖትራክ ያሉ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸውና ከመሰካትዎ በፊት ማጫወቻው ላይ 12–24 የሚል መጻፉን ያረጋግጡ። 12 ብቻ የሚለው 24 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ፍላሹና ሚሞሪው

አብዛኞቹ እነዚህ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት32 የተባለውን አቀማመጥ ብቻ ነው። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ የሚመጡት ኤክስፋት በሚባል ሌላ አቀማመጥ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ እንከን የሌለው ካርድ መኪናው ውስጥ ባዶ ሆኖ ይታያል። ለመኪና 16 ወይም 32 ጊጋባይት በቂ ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ 16 ጊጋባይት ሦስት ሺህ ያህል የአምስት ደቂቃ ዘፈን ይችላል።

ዘፈኖቹን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው ፍላሹን በፋት32 ፎርማት ያድርጉና መልሰው ይጫኑ። ሲነቅሉ «ኢጀክት» ብለው ይንቀሉ፤ እየጻፈ ሳለ የተነቀለ ፍላሽ ማጫወቻው አንድ ዘፈን ላይ ደርሶ ደርቆ እንዲቀር ያደርጋል። ሁልጊዜ እዚያው ዘፈን ላይ የሚቆም ከሆነ ያንን አንድ ፋይል ያጥፉት።

የፋይሉ ዓይነትም አለ። ከኢንተርኔት የሚወርደው ብዙው ድምፅ ኤም4ኤ ወይም ኦፐስ ነው፤ ስሙን ብቻ ኤምፒ3 ብሎ መቀየር ውስጡን አይቀይረውም። ስልኩ ይዘቱን አይቶ ስለሚያጫውተው ሰው ግራ ይጋባል፤ ማጫወቻው ግን ይዘለዋል። በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ3 ይለውጡት።

የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ከተዘበራረቀ ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ስሙን ሳይሆን ፋይሉ የተጫነበትን ተራ እንደሚከተሉ ይወቁ። በአንዴ ጎትቶ ከመጫን አልበሙን በየተራ መጫን ያስተካክለዋል። በአማርኛ የተጻፈው ስም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ቢታይ ደግሞ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ ዘፈኑ ምንም አልሆነም።

ከሁሉም የሚያታልለው የሐሰት ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 64 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ በየገበያው አለ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወይ ይዘለላሉ ወይ ይንቋቋሉ። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይነግርዎታል።

ሞገዱ፦ ከጃፓን የመጣ መኪና ያለው እዚህ ላይ ይቆይ

ጃፓን ውስጥ ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምራል፤ የቆዩት የጃፓን ቴፖች 90 ላይ ያቆማሉ፣ አዳዲሶቹ እስከ 95 ገደማ ይሄዳሉ። ማጫወቻው ደግሞ የሚልከው ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ኦሪጅናል ቴፑ ያልተቀየረለት ቪትዝ ላይ ማጫወቻውን 100 ላይ አድርጎ ቴፑን ቢያስሱት ዓመት ቢፈጅም አይገኝም። ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 (በአዳዲሶቹ ቴፖች እስከ 95) ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። 88.1ን ወይም 88.7ን ይሞክሩ።

አንቴናው ላይ ባንድ መቀየሪያ (የጃፓኑ ቴፕ የእኛን ጣቢያዎች እንዲይዝ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ) ከተገጠመ ሌላ ሒሳብ አለ። መቀየሪያው ሁሉን ጣቢያ በእኩል መጠን ወደ ታች ያወርደዋል። ስንት እንደሚያወርድ ለማወቅ አዲስ አበባ ውስጥ ፋናን ይፈልጉ፤ እውነተኛ ቁጥሩ 98.1 ነው። ቴፑ ላይ 80.1 ካገኙት ልዩነቱ 18 ነው፤ እንግዲያው ማጫወቻውን 104.1 ቢያደርጉት ቴፑን 86.1 ላይ ያስቀምጣሉ።

ቴፑ እስከ 108 የሚሄድ ከሆነ ነፃ ቦታ መምረጥ ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ 96.3፣ 97.1፣ 98.1፣ 101.1፣ 102.1 እና 107.8 ላይ ጣቢያ ስላለ ከእነሱ ቢያንስ 0.4 ያህል ይራቁ። ማጫወቻውን አጥፍተው ቴፑ ላይ ሹሹታ ብቻ የሚሰማበትን ቁጥር ይምረጡ፤ ማጫወቻው ሲበራ ሹሹታው ጸጥ ማለት አለበት። ከተማ ሲወጡ ያው ቁጥር በሌላ ጣቢያ ሊያዝ ይችላል፤ ለመንገድ ሁለተኛ ቁጥር አስቀድመው ያዘጋጁ፣ እየነዱ አይፈልጉ።

ድምፁ ከተሰነጣጠቀ የማጫወቻውን ድምፅ ከሙሉው ወደ ሦስት አራተኛ ያውርዱና ቴፑን ይጨምሩ። ቴፑ በሌሎች ጣቢያዎችም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የመኪናው አንቴና ነው።

በኦክስ ገመድ ለሚያዳምጡ

የኦክስ ቀዳዳ (ድምፁን በገመድ የሚቀበል) ያለው ቴፕ ከኤፍኤም የተሻለ ድምፅ ይሰጣል፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ፉጨት ከተሰማ የማጫወቻውን ወይም የስልኩን ቻርጀር ይንቀሉ። ፉጨቱ ወዲያው ከጠፋ ጥፋቱ የምድር መስመሩ (ግራውንዱ) በሁለት መንገድ መዞሩ ነው፦ በቻርጀሩም በኦክሱም። መፍትሔው በኦክሱ መስመር ላይ ገብቶ ይህን ዙር የሚቆርጥ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ዕቃ ነው፤ እስከዚያው በፓወርባንክ ቻርጅ ያድርጉ።

የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ ሙዚቃው ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ከተሰማ ደግሞ ገመዱ በደንብ አልገባም፣ ወይም የምድር ሽቦው ተቆርጧል። በግራና በቀኝ እኩል የተቀዳው ነገር ተጣፍቶ የሚቀረው ልዩነቱ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰወረው ዘፋኙ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚሰማ ከሆነ ገመዱን ይቀይሩ። አዲስ ገመድ ላይም ካልተለወጠ ጆሮ ማዳመጫ ማጫወቻው ላይ ይሰኩ፤ በዚያም ጎዶሎ ከሆነ ቀዳዳው ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቋል። ይህን ማንኛውም የሞባይል ጠጋኝ በአጭር ጊዜ መልሶ ይበይደዋል።

የራሱ ባትሪ ያለውን ማጫወቻ ዳሽቦርድ ላይ ትተው መኪናውን ፀሐይ ላይ አያቁሙ። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጀርባው ካበጠ ወይም ክዳኑ ከተነሳ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ቻርጅም አያድርጉት፤ ባትሪውን ጠጋኝ ያውጣው።