ብርድ የሚችል ሙዝ ደጅ ላይ ለማሳደግ

ውርጭ ባለበት አገር ሙዝ ደጅ ላይ ይበቅላል ወይ? አዎ፣ ይበቅላል። ግን ከመጀመሪያው እንግባባ፤ የምታሳድጉት ለቅጠሉ ነው እንጂ ለፍሬው አይደለም። ብርድ በመቻል የሚታወቀው ሙሳ ባስጁ የሚባለው ዝርያ ነው። መነሻው ደቡብ ቻይና ነው። ፍሬ ቢይዝ እንኳ በዘር የተሞላ ስለሆነ አይበላም። የምትፈልጉት ፍሬ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ፣ ሙቀቱ ሲመቸው በየሳምንቱ አዲስ ሰፊ ቅጠል የሚዘረጋ ተክል ከሆነ ግን እንደ ባስጁ ያለ የለም።

ሌሎችም አሉ። ከሂማላያ ግርጌ የመጣው ሙሳ ሲኪሜንሲስ ቅጠሉ ቀላ ይላል፣ ያምራል፣ ግን ብርድ የመቻል አቅሙ ከባስጁ ያንሳል። ቀይ ቅጠል ያለው እንሰትም ለጌጥ ይሸጣል። እሱ ውርጭ አይችልም፤ ብርዱ ሳይገባ ተነቅሎ ቤት መግባት አለበት። በዚያ ላይ አንድ ለእናቱ ነው፣ እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ አያወጣም፣ ስለዚህ ከሞተ ሞተ ነው። ለጀማሪ ባስጁን ነው የምመክረው።

አሁን ዋናው ነገር። ግንድ የሚመስላችሁ ግንድ አይደለም። የቅጠሎቹ እግር አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልሎ የሠራው ነው፣ አብዛኛው ውሃ ነው። እውነተኛው ግንድ፣ አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚነሳበት፣ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ቅጠሉ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ላይ ይጠቁራል። ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ የላይኛው ግንድም ይሞታል። ከአፈር በታች ያለው ግን በደንብ ከተሸፈነ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪንም ይችላል። ስለዚህ ከላይ ጠቁሮ ስታዩት አለቀለት ብላችሁ እንዳትነቅሉት።

ቦታ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ነፋሱን አስቡ። ነፋስ ቅጠሉን ይተለትለዋል፤ አይገድለውም፣ ግን ውበቱ ይጠፋል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበትና እዩት። አድሮም ካልሰረገ ቦታ ቀይሩ፣ ወይም መደቡን ከፍ አድርጉት። ሙዝ በበጋው ሙቀት ውሃ ይወዳል፣ በብርድ ጊዜ ግን እርጥብ አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። ብዙ ሰው ተክሌን ብርድ ገደለብኝ የሚለው፣ እንደ እኔ እምነት፣ አብዛኛውን ጊዜ የገደለው እርጥበት ነው።

የምትተክሉት የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው፣ ሥሩ እስከሚቀጥለው ብርድ ድረስ እንዲይዝ። በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ችግኙ ገና ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት በመትከያ ዕቃ ሆኖ ቤት ውስጥ ይለፍ፣ አትቸኩሉ። ከተተከለ በኋላ ሆዳም ነው፤ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ በየጊዜው ስጡት፣ በሙቀት ወራት በደንብ አጠጡት። ሙቀቱ መቀነስ ሲጀምር ማዳበሪያውን አቁሙ፣ ለስላሳ አዲስ ቅጠል ይዞ ብርድ ውስጥ እንዳይገባ።

የብርዱ ዝግጅት ላይ ጊዜ ስጡ። የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን እስኪያጠቁረው ጠብቁ፣ ከዚያ ቅጠሎቹን ቁረጡ። ቁመቱን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ከፈለጋችሁ ግንዱን አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ አስቀሩ፣ ዙሪያውን በሽቦ አጥር ክበቡት፣ ክፍተቱን በደረቅ ገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል እስከ ላይ ሙሉት። ከላይ ዝናብ የሚከለክል ክዳን ያስፈልጋል። ጎኑን ግን በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ አየር ካላገኘ ውስጡ ያልበዋል፣ ገለባው ይሻግታል፣ ግንዱም አብሮ ይበሰብሳል። ይህ ሁሉ ልፋት ከበዛባችሁ ሌላ መንገድ አለ። ግንዱን ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ላይ ቁረጡትና ላዩ ላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደረቅ ጉዝጓዝ ከምሩበት። ሥሩ ይተርፋል፣ ከታች እንደገና ይነሳል፣ ቁመቱ ብቻ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ኃይለኛው ውርጭ ሲያልፍ ሽፋኑን አንሱ። ግንዱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ለስላሳና ቡናማ ሆኖ ከሸተተ በስል ቢላ ከላይ ወደ ታች በስሱ በስሱ ቁረጡ፣ ነጭና ጠንካራ ክፍል እስክታገኙ ድረስ። የተቆረጠው ፊት ላይ ክብ ክብ የተደራረቡትን የቅጠል እግሮች ታያላችሁ። አየሩ ሞቅ ካለ መሀለኛው በአንድ ቀን ውስጥ ከሌሎቹ በልጦ ብቅ ሲል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ይህቺን ቀን ነው የምወደው። ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ውርጭ ከተነገረ ለአንድ ሌሊት በጨርቅ ሸፍኑት።

ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ከጎኑ ልጆች ይበዛሉ። ለመለየት ከፈለጋችሁ ሙቀቱ ሲጀምር አድርጉት። ጉልበት ድረስ የደረሰና የራሱ ሥር ያለው ምረጡ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ፈልጉ፣ በስል አካፋ አንዴ በኃይል ቁረጡት። ሥር ያልያዘውን ተዉት፣ አይጸድቅም። የለያችሁትን በዕቃ ተክላችሁ ጥላ ሥር አቆዩት፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፀሐይ አውጡት። ዕቃ ውስጥ ያለን ሙዝ ግን ብርድ ይችላል ብላችሁ ደጅ እንዳታሳድሩት። ዕቃው በጎንም በሥርም ስለሚቀዘቅዝ፣ መሬት ውስጥ ያለው የሚችለውን ብርድ እሱ አይችለውም።