ብቻህን መሰንቆ ይዘህ ጎጃምን እንዴት ትዞራለህ?

ብዙ ሰው ጎጃምን ልዙር ብሎ የሚነሳው ድምፁን አምኖ ነው። ድምፅማ ይጠቅማል። ግን ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የሚያበላህ ግጥም ነው። አገሩ የነዋሸራ፣ የነዲማ፣ የነጎንጅ፣ የታወቁት የቅኔ ትምህርት ቤቶች አገር ነው። ጠጅ ቤት ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሽማግሌ በልጅነቱ አኩፋዳ አንግቶ ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ሊሆን ይችላል። ቤት የማይመታ ስንኝ ከጣልክ ፊቱ ላይ ታነበዋለህ። መኪናውን፣ አልጋውን፣ ምግቡን የምታመቻቸው ማታ ላይ ጭንቅላትህ ንቁ እንዲሆን ብለህ ነው።

ቀኑን ቁረጥ

በጾም ወራት አትነሳ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያኔ ሠርግ የለም፣ ጭፈራ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ደግሞ ጾመ ነቢያት አለ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። በክረምት ደግሞ ጾሙ ቢቀር ጭቃው ይበቃሃል።

እኔን ብትጠይቀኝ ምርጡ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥር 12 ቃና ዘገሊላን ደብረ ማርቆስ ዋልና ከዚያ ወደ ሰሜን ተጓዝ። ሠርጉ በየመንደሩ ነው። ጥር 23 ጊዮርጊስ እንጅባራ ላይ ይድረስልህ፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው በዚያ ቀን ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ፈረሰኛ ደግሞ መወደስ ይወዳል። ለመሰንቆ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም። አልጋ ግን በዋዜማው አታገኝም፣ ቀድመህ ያዝ።

ዐቢይ ጾም ቢፈጥን ቢፈጥን የሚገባው የካቲት 1 ነው። ስለዚህ ጥር በሙሉ ያንተ ነው። ነነዌን ብቻ ልብ በል። ሦስት ቀን ናት፣ ጾሙ በሚፈጥንበት ዓመት ከጥር 17 ጀምሮ ልትውል ትችላለች። ጥር ካመለጠህ ሚያዝያና ግንቦት አለ፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሠርጉ እንደገና ይደራል።

መንገዱን ምረጥ

ከአዲስ አበባ ስትመጣ አባይን ተሻግረህ ደጀን ትወጣለህ። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ እያለ ባሕር ዳር ያደርስሃል። ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት የሚሄደው ነው። ይኼኛው አጭር ነው። በአንዱ ሂድ፣ በሌላው ተመለስ። የሄድክበትን መንገድ ወዲያው ብትደግመው ያው ጆሮ ያንኑ ግጥም ይሰማል።

አንድ ከተማ ላይ ከሁለት ሌሊት ያነሰ አትደር። የመጀመሪያው ሌሊት ለማወቅ ነው። ሁለተኛው ለመብላት። በየቀኑ ከተማ የሚቀይር ሙዚቀኛ የትም እንግዳ እንደሆነ ይቀራል። የሚያወድሰውን ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ሁሉንም «ጎበዝ» እያለ ያልፋል። ጎበዝ ብሎ ማወደስ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ሽልማቱም ርካሽ ይሆናል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በጎጃም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ኔትወርክ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ከመነሳትህ በፊት ማታውኑ መናኸሪያ ሂድና ሹፌሮቹን ጠይቅ። «ነገ መንገዱ እንዴት ነው?» በላቸው። ሹፌሩ ካልወጣ አንተም አትውጣ። ከሰዓት በኋላ ረጅም መንገድ አትጀምር። መታወቂያህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ፍተሻ ላይ የመሰንቆህን ከረጢት ሳይጠይቁህ ራስህ ክፈተው። ከሩቅ ሲያዩት ምን እንደሆነ አይለይም።

መሰንቆውን ለመንገድ አዘጋጅ

መሰንቆ ቆዳና ጭራ ነው። ሁለቱም አየሩን ይሰማሉ። አባይ በረሃ ወርደህ ደጀን ስትወጣ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ፣ ከወላፈን ወደ ብርድ ማለት ነው። ሙቀቱ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ እርጥበቱ ያላላዋል። እንጅባራ ደጋ ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ። ባሕር ዳር ወርደህ 1,800 ገደማ ላይ ትገኛለህ፣ ከጣና አጠገብ። ስለዚህ በረሃውን ከመውረድህ በፊት ጭራውን አላላው። ተወጥሮ ከወረደ ቆዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከደረስክ በኋላ ወዲያው አትቃኘው፣ ሻይህን እስክትጠጣ ድረስ ክፍሉን ይላመደው። ጠዋት ላልቶ ካገኘኸው ጸሐይ ላይ አውጣው። ከሰል አጠገብ ካሞቅከውም ራቅ አድርገህ ይሁን።

በመኪና ስትሄድ ከጉልበትህ አይውረድ። ረዳቱ «ፖርቶመጋላ ላይ ላድርግልህ?» ይልሃል፣ በትህትና እምቢ በል። ጋቢና ከተገኘ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን ያዝ። ትርፍ ጭራ፣ ደጋኑን የምታሽበት ሙጫ፣ ቢላዋና ጠንካራ ክር አይለዩህ። ጭራ ካለቀብህ አዊ ዞን የፈረስ አገር ነው፣ አታጣም።

ሞንታርቦና ማይክ ይዘህ መዞር አለብህ ወይ? እኔ አልይዝም። ትልልቆቹ ቤቶች የራሳቸው አላቸው። ትንንሾቹ አያስፈልጋቸውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያለ ማይክ የሚሰማ ሰው ነው የሚፈለገው።

ግጥሙን ቀን ሰብስብ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ማታ «ፈጠረ» የሚባለው አዝማሪ ቀን ላይ ሲለቅም የዋለ ነው።

ከተማ እንደገባህ ወደ አልጋህ አትሂድ። መጀመሪያ ጸጉርህን ተቆረጥ። ጸጉር ቤት ያለ ወሬ የትም የለም። ማን ቤት ሠራ፣ የማን ልጅ ተመረቀ፣ የትኛው ሹፌር መኪና ገዛ፣ ሁሉን ትሰማለህ። ከዚያ ገበያ ውጣ። የእህል ዋጋ ጠይቅ። የአካባቢውን ደብር ስም፣ የወንዙን ስም፣ የተራራውን ስም ጻፍ። ስሞቹን የምትጽፈው ለጌጥ አይደለም። ስንኝህ የሚያርፍበትን ቤት መምቻ የምታገኘው ከእነሱ ነው። ማታ ላይ በወንዛቸው ስም «ከቆጋ» ብለህ ብትጀምር መራዊ ላይ ቤቱ የሞላው ሰው ይነሳል።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ስንኝ አዘጋጅ። አንደኛው ለማንም የሚሆን ነው፣ ለእናት፣ ለወንድም፣ ለአገር ልጅ። ሁለተኛው ለሙያ ነው። ለነጋዴ፣ ለገበሬ፣ ለአስተማሪ፣ ለሹፌር ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይኑርህ። ለምሳሌ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ከመጣ፦

አባይ በረሃውን ቁልቁል አወረደው፣
ሽቅብ ያወጣው ግን የእናቱ ጸሎት ነው።

በየመስመሩ ግማሽ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) ያለው፣ የወል ቤት የሚባለው ተራ የግጥም ዓይነት ነው። ሹፌሩን ጎበዝ አላልኩትም። እናቱን ነው ያነሳሁት። ያ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከቻልክ በስሙ፣ ወይም ባደገበት ቀበሌ ሁለተኛ ስንኝ ጨምር። ውዳሴ ሦስት ስንኝ ካለፈ ልመና ይመስላል፣ ወደ ሌላው ሰው እለፍ።

ሰምና ወርቅ ትችላለህ ብዬ አላስገድድህም። ካልቻልክ አትሞክር። እዚህ አገር ያልበሰለ ቅኔ ከማሰማት ቀጥተኛ ግጥም ማሰማት ይሻላል።

ማታውን እንዴት ትይዘዋለህ

ቤቱን ቀን ላይ ምረጥ። ባለቤቷን ቁጭ ብለህ አነጋግራት። «እትዬ፣ ዛሬ ማታ ትንሽ ላጫውትልዎት» ብትል ይበቃል። ከዚያ ግልጽ አድርገህ ተስማማ፦ ራት ማን ይችላል፣ አልጋው ይታሰባል ወይስ አይታሰብም፣ ሽልማቱ ሙሉ ያንተ ነው ወይስ ትካፈላላችሁ፣ እስከ ስንት ሰዓት ትጫወታለህ። ማታ ሞቅ ካለ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ጠዋት አይገኝም። እዚያ ቤት ሌላ አዝማሪ ካለ መጀመሪያ እሱን ሰላም በል። ቦታው የሱ ነው። ብዙ ጊዜ ተራ ይሰጥሃል፣ ካልሰጠህ ሌላ ቤት ሂድ።

ቀስ ብለህ በትዝታ ጀምር። ቤቱ ሳይሞላ ምት አታፍጥን። ጠረጴዛዎቹን ተዘዋውረህ እያቸው፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ለይ። ከዚያ ወደ ጎጃም ምት ግባ። እስክስታ ሲጀመር ያንተ ሥራ ጭብጨባውን መከተል ነው፣ መምራት አይደለም።

«ተቀበል!» ሲባል ጆሮህን ሰጥተህ ስማ። ሰውየው የሚሰጥህ ስንኝ ቢጎድል አንተ ሙላለት፣ ቤት ባይመታ አስመታለት። እሱን አስተካክለህ ማሳፈር የለም፤ የራሱ አድርገህ መልስለት። ለሽማግሌ ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተቀበል፣ «አያ» ብለህ ጥራ።

አንዳንዱ ግን መርዝ ያቀብልሃል። ፖለቲካ፣ የጎሳ ስድብ፣ የሰው ሚስት። አንዱም አይወጣህ። አሁን ሁሉም ሰው ስልኩን ደቅኖ ነው የሚቀመጠው፣ ማታ ያልከው ጠዋት ቲክቶክ ላይ ነው። ነገ ደግሞ አንተው በየኬላው ታልፋለህ። እምቢ አልኩ ማለት አያስፈልግም። ደጋኑን ጠበቅ አድርገህ ገዝግዘው፣ ያልሰማህ ምሰል፣ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ዙርና አዲስ ስም አንሳ። የታጠቀ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ስለ እናቱ እንጂ ስለ መሣሪያው አትዝፈን።

ሽልማት ግንባርህ ላይ ሲለጠፍ ዝቅ በል፣ ግን አትቁጠረው። ቴሌብር ካለህ ስልክህ በድምፅ እንዳይጮህ አድርገው። ውዳሴ መሃል ገንዘብ ገባ ብሎ ከጮኸ ቤቱ ይስቅብሃል።

ጉሮሮና ሆድ

ሰው ስለወደደህ ይጋብዝሃል። ቢራው ይደረደራል፣ አረቄው ይከተላል። ሁሉን ከጠጣህ በሦስተኛው ከተማ ድምፅ የለህም፣ ግጥምም ይጠፋሃል። ከባለቤቷ ጋር ቀድመህ ተነጋገር፦ የተገዛልህ ጠርሙስ ሳይከፈት ይቀመጥና በገንዘብ ይለወጥልህ። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ እነሱም አይጎዱም። አንዱን ብርጭቆ ግን ከንፈርህን አስነካው። ጭራሽ አልጠጣም ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ከመጫወትህ በፊት ከባድ ራት አትብላ። ግማሹን አስቀምጥና ስትጨርስ ብላ። ጠዋት ላይ ሞቅ ባለ ውኃ ማር ጠጣ፣ ማር አገር ላይ ነህ። ጥርጊያ መንገድ ላይ ነጠላህን አፍህ ላይ አድርግ።

ሴት ሆነሽ ብቻሽን የምትዞሪ ከሆነ አልጋሽን ከምትጫወቺበት ቤት አታድርጊው። ሌላ ቦታ፣ በተለይ ባለቤቷ እዚያው የምትኖርበት አልጋ ቤት ያዢ። ስትጨርሺ የሚያደርስሽን ባጃጅ ቀን ላይ አውቀሽ ተስማሚ፣ ስልኩን ያዢ። የት እንዳለሽ በየቀኑ የሚያውቅ አንድ ሰው ቤት ይኑርሽ። ይኼኛው ለወንዱም ይሠራል።

ሲነጋ

ገንዘቡን ማታውኑ ቁጠርና ሦስት ቦታ ክፈለው። የነገ መኪናና አልጋ፣ የቤት፣ የትርፍ ጭራ። ለቤት የለየኸውን ባንክ እንዳገኘህ አስገባው፣ ይዘኸው አትዙር።

የተጠቀምክባቸውን ስሞችና ስንኞች በከተማው ስም ጻፋቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስትመለስ ያንኑ ስንኝ ለዚያው ሰው ብትደግም ያስታውስሃል፣ ጎጃሜ ግጥም አይረሳም።

ከመሄድህ በፊት ባለቤቷን ተሰናበት። ስልክህን ተውላት። ሠርግ ያለው ዘመድ ካላት ጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ አላት። ሙሽራው ቤት ደውል፣ ቀኑን ተስማማ፣ ቀብድ ተቀበል። ቀብድ ያልከፈሉህን ሠርግ ደብተርህ ላይ በእርሳስ ጻፈው።