ከሳንሱር በፊት የነበሩትን የአሜሪካ አስፈሪ ኮሚኮች ፈልጎ ማንበብ

ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የጋዜጣ መሸጫዎች በ10 ሳንቲም ይሸጡ የነበሩትን አስፈሪ ኮሚኮች (በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች) ማንበብ የሚፈልግ ሰው፣ ከኮሚኮቹ አስቀድሞ እነርሱን ያጠፋቸውን ደንብ ቢያነብ መንገዱ ይቀልለታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ «ሳንሱር» ስንል የምናስበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ ይህን ደንብ በኦክቶበር 1954 ያወጣው አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙት የአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች ማኅበር ነው። ደንቡ በመጽሔት ርእስ ላይ «ሆረር» እና «ቴረር» የሚሉት ቃላት እንዳይገቡ ይከለክላል፤ ከመቃብር ተነሥተው የሚሄዱ ሙታንን፣ ደም መጣጭ ቫምፓየሮችን፣ ሬሳ በል ፍጥረታትን፣ ሰው በላነትንና ወደ ተኩላ የሚለወጡ ሰዎችን በስም እየጠራ ያግዳል። ማንም ያልሠራውን ነገር የሚከለክል ስለሌለ፣ ዝርዝሩ ከ1954 በፊት በየመደርደሪያው ምን ይገኝ እንደነበር የሚያሳይ ጥሩ ማውጫ ነው። ቀድተው አጠገብዎ ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የሴኔቱን ምርመራ ቃለ ጉባኤ ያንብቡ። የወጣት ጥፋተኝነትን የሚመረምረው ንዑስ ኮሚቴ በኤፕሪል 1954 ኒው ዮርክ ውስጥ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ኢሲ ኮሚክስ የተባለው የአስፈሪ ኮሚኮች አሳታሚ ባለቤት ዊልያም ጌይንስ በገዛ ፈቃዳቸው ቀርበው መስክረዋል። ሴናተር ኤስቲስ ኬፎቨር ደም የነካው መጥረቢያና የተቆረጠ የሴት ራስ የሚታይበትን የ«ክራይም ሰስፐንስቶሪስ» ቁጥር 22 ሽፋን አሳይተው ይህን ጨዋነት ይሉታል ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ለአስፈሪ ኮሚክ ሽፋን አዎን ሲሉ መለሱ፤ ነውር የሚሆነው የተቆረጠው ራስ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ደም ሲንጠባጠብ ቢታይ ነበር ሲሉም አከሉ። ለኢንዱስትሪው ከዚህ የከፋ መልስ ማሰብ ያስቸግራል። በዚያው ቀን የመሰከሩት የአእምሮ ሐኪም ፍሬድሪክ ወርትሃም ኮሚክ ልጆችን እንደሚያበላሽ የሚከስ መጽሐፍ በዚያው ዓመት አውጥተው ነበር። መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል፤ የወርትሃም ሰነዶች በ2010 ለተመራማሪዎች ከተከፈቱ በኋላ ካሮል ቲሊ የተባሉት ምሁር ሐኪሙ የወጣት ታካሚዎቻቸውን ቃል እንደሚመቻቸው ይቀይሩና ይቀጣጥሉ እንደነበር አሳይተዋል።

አንድ እትም ከደንቡ በፊት የወጣ መሆኑን ለመለየት መጀመሪያ የሚታየው ሽፋኑ ነው፤ ደንቡን ያለፉ መጽሔቶች በላይኛው ማዕዘን አካባቢ የፖስታ ቴምብር የሚመስል ማኅተም አላቸው፤ ያለዚህ ማኅተም አብዛኞቹ አከፋፋዮች አይቀበሏቸውም ነበር። ይሁን እንጂ ማኅተም አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዴል የተባለው ትልቅ አሳታሚ ማኅበሩን ስላልተቀላቀለ መጽሔቶቹ ከ1955 በኋላም ያለ ማኅተም ይወጡ ነበር። ስለዚህ ቀኑንም ይመልከቱ። የታተመው ወር ብዙ ጊዜ መጽሔቱ ገበያ ላይ ከዋለ ከሁለት ወይም ከሦስት ወራት በኋላ ያለውን ወር የሚያመለክት በመሆኑ፣ የ1955 የመጀመሪያ ወራት የተጻፉበት እትም ከደንቡ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የ«ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» የመጨረሻ እትም፣ ቁጥር 46፣ ፌብሩዋሪ–ማርች 1955 ይላል። የዚሁን መጽሔት ቁጥር 1 በመፈለግ ግን አይድከሙ፤ የለም። አሳታሚዎች ለአዲስ ርእስ አዲስ የፖስታ ፈቃድ ላለመክፈል የቀድሞውን ቁጥር ይቀጥሉ ስለነበር፣ «ክራይም ፓትሮል» ይባል የነበረው የወንጀል መጽሔት በ1950 ከቁጥር 17 ጀምሮ «ዘ ክሪፕት ኦቭ ቴረር»፣ ከቁጥር 20 ጀምሮ ደግሞ «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር ሲያምታታዎ ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች መዝገብ ይጠይቁ።

ጽሑፎቹን ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የታተመ ሥራ የቅጂ መብቱ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ ከአስፈሪ ኮሚክ አሳታሚዎችም ብዙዎቹ በ1950ዎቹ ስለተዘጉ የሚያድስላቸው አልነበረም። ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየም እና ኮሚክ ቡክ ፕላስ የተባሉት ድረ ገጾች እንዲህ ያሉትን እትሞች ከዳር እስከ ዳር ስካን አድርገው በነፃ ያቀርባሉ። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ሲቢዜድ በሚባል ዓይነት የሚመጡ ሲሆን፣ ይህ ስሙ የተለወጠ ዚፕ ፋይል ብቻ ስለሆነ ልዩ ማንበቢያ ከሌለዎት መጨረሻውን ዚፕ ብለው ቀይረው መክፈት ይችላሉ። የኢሲ ሥራዎች ግን መብታቸው የተጠበቀ ነውና በዳርክ ሆርስ ወይም በፋንታግራፊክስ የታተሙትን ጥራዞች መግዛት ወይም ከቤተ መጻሕፍት መዋስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በአዲስ መልክ ቀለም የተቀቡ ገጾችን ይሰጣል፤ ሁለተኛው በጥቁርና ነጭ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የዘመኑ የኮምፒውተር ቀለም ብዕሩን ይጫነዋል።

ከኢሲ መጀመር ትክክል ነው፤ እዚያ መቅረት ግን ስሕተት ነው። የኢሲ ሦስት አስፈሪ መጽሔቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተራኪ አላቸው፤ ይህ ተራኪ ታሪኩን በቀልድ ከፍቶ በቀልድ ይዘጋዋል፤ «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» ሲመልስ ያደገ አንባቢ ዘዴውን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። በመጀመሪያ ንባብ ገጾቹ በጽሑፍ የተጨናነቁ ይመስላሉ። ምክንያቱ አሠራሩ ነው፤ አዘጋጁ አል ፌልድስታይን ጽሑፉን በቀጥታ በሥዕል ሰሌዳው ላይ ያሰፍሩና ፊደሉ ከተጻፈ በኋላ ሠዓሊው በተረፈው ቦታ ይሥል ነበር። ስለዚህ አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ መጀመሪያ እንደ ተጻፈ፣ ከዚያም ጽሑፉን ትቶ ሥዕሉን ብቻ። ግራሃም ኢንግልስ የሚሥሏቸው የበሰበሱ ፊቶችና የጆኒ ክሬግ ንጹሕ፣ የተረጋጋ መሥመር ልዩነታቸው የሚገለጠው በሁለተኛው ንባብ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይሂዱ። አቮን የተባለው አሳታሚ ያወጣው «ኢሪ» በ1947 አንድ እትም ብቻ ወጥቶ ቆመ፤ ተከታታይ ሆኖ የዘለቀው በ1948 የጀመረው «አድቬንቸርስ ኢንቱ ዘ አንኖውን» ነው። ሃርቪ ከተባለው አሳታሚ መጽሔቶች የ«ብላክ ካት ሚስትሪ» ቁጥር 50ን ሽፋን፣ በራዲየም ፊቱና እጁ የሚቀልጠውን ሰው ይመልከቱ። የባዚል ዎልቨርተን የቬነስ የሌሊት ወፎች በ«ሚስተር ሚስትሪ» ቁጥር 7 አሉ፤ እንደ እርሳቸው የሣለ ሌላ ሰው የለም። ከእነዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተራ ነው፤ ባሏን የገደለች ሚስትና ከመቃብር የሚመለስ ባል በተከታታይ ሲነበቡ ይሰለቻሉ። በቀን ከአንድ እትም አይለፉ፤ ያንን አንዱን ግን ከማስታወቂያዎቹ ጋር በሙሉ ያንብቡት። መሐል የሚገኘውን ሥዕል የሌለው ባለ ሁለት ገጽ አጭር ልብ ወለድ ልጆቹ ይዘልሉት ነበር፤ የተቀመጠውም ለቅናሽ የፖስታ ዋጋ የሚጠየቀውን መስፈርት ለማሟላት ነው።

ወረቀቱን በእጁ መንካት የሚፈልግ፣ በተለይ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የኮሚክ ክምችት እንዳለው ይወቅ፤ የንባብ ካርድ የሚሰጠው በነፃ ነው፣ የሚፈለገውን እትም ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዋጋውን ይመልከት፤ በ1990ዎቹ ተመስለው የታተሙት የኢሲ ቅጂዎች ሽፋናቸው ያው ቢሆንም የታተመባቸው ዋጋ 10 ሳንቲም አይደለም። ዋናው ወረቀት አሲድ ያለበት የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል፤ ከብርሃንና ከእርጥበት ይራቅ።

አፍሪካዊ አንባቢ ሌላ ነገርም ያጋጥመዋል፤ አፍሪካና ሄይቲ በብዙዎቹ ታሪኮች ውስጥ ከበሮና የደረቀ የሰው ራስ ብቻ ናቸው። ይህን ደንቡ በዝርዝሩ ካገዳቸው ፍጥረታት ጋር አያይዞ ማየት ይጠቅማል፤ ለዚህም ከአስፈሪው ዘርፍ ትንሽ ወጥተው የኢሲን የሳይንስ ልብ ወለድ «ዊርድ ፋንታሲ» ቁጥር 18፣ የ1953ን እትም፣ ይክፈቱ። አንድ ከምድር የተላከ መርማሪ በቀለማቸው የተለያዩ ሮቦቶች አንዳቸው ሌላውን ሲጨቁኑ አይቶ ይፈርድባቸዋል፤ በመጨረሻው ክፈፍ የጠፈር ቆቡን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፣ በፊቱም ላይ የላብ ነጠብጣብ ያበራል። ጌይንስ ይህንኑ ታሪክ በ1956 እንደገና ሊያትሙ ሲሉ የደንቡ አስፈጻሚ ሰውዬው ጥቁር እንዳይሆን ጠየቁ። ጌይንስ እምቢ ብለው ሳይለውጡ አተሙት፤ «ኢንክሬዲብል ሳይንስ ፊክሽን» ቁጥር 33 የተባለው ያ እትም የኢሲ የመጨረሻ ኮሚክ ሆነ። ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን አድርገው የመጨረሻውን ክፈፍ ያስተያዩ።