የጎልማሶች የንባብና የጽሑፍ ክፍል በመሀል አዲስ አበባ እንዴት ይደራጃል?

በእድር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመስጊድ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ፊደል ላልቆጠሩ ጎልማሶች ክፍል ልትከፍቱ አስባችኋል እንበል። ወይም ክፍሉ አለ፣ ተማሪው ግን በየሳምንቱ እየሳሳ ነው። ለሁለቱም የሚሆን ነገር እዚህ አለ። ብዙ ሰው መጽሐፍና ሰሌዳ በመግዛት ይጀምራል። እሱ ይቆየን። ክፍልን የሚያቆመውም የሚጥለውም የመጀመሪያው ሳምንት ምዝገባ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መንግሥት የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባል ፕሮግራም አለው። ከ15 እስከ 60 ዓመት ላሉ ሰዎች የታሰበ ነው፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ማንበብን፣ መጻፍንና ማስላትን ከጤና፣ ከገቢና ከዕለት ኑሮ ጋር ያያይዛል። ስለ መማሪያ መጽሐፉና ስለ መማሪያ ቦታ እዚያው ጠይቁ። በአቅራቢያችሁ የተከፈተ ክፍል ካለ አዲስ ከመክፈት ያንን ማጠናከር ይሻላል።

አሁን ወደ ምዝገባው።

«ማንበብ አልችልም» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ልጅ አለች። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ያቋረጠ፣ ፊደሉ የተምታታበት የቀን ሠራተኛ አለ። ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት የደገሙ አባት ይመጣሉ፤ ያነባሉ፣ እስክሪብቶ ግን ይዘው አያውቁም። ቁርአን የተማሩ እናት ዓረብኛውን ፊደል አሳምረው ያውቁታል፣ አማርኛው ግን እንግዳ ነው። ከወላይታ ወይም ከኦሮሚያ የመጣው ወጣት ደግሞ በቋንቋው በላቲን ፊደል ያነብ ይሆናል። እሱን «መሃይም» ብሎ መመዝገብ ስህተትም ነውርም ነው። የጎደለው የግእዝ ፊደል ብቻ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል።

ከነዚህ ሁሉ የሚያሳዝኑኝ ደግሞ «ድሮ ተምሬ ነበር» የሚሉት እናቶች ናቸው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምረው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ናቸው። ዘመቻው ትልቅ ሥራ ነበር። በ15 የአገር ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ኢትዮጵያም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። ነገር ግን የተማረ ሰው በየቀኑ የሚያነበው ነገር ካላገኘ ፊደሉ ይጠፋል። እነዚህን እናቶች ከሀ ሁ አታስጀምሯቸው። ትንሽ ሲነካኩት ይመለስላቸዋል።

ሁሉንም አንድ ላይ ከሀ ብታስጀምሩ የሚያውቀው ይሰለቻል፣ የማያውቀው ያፍራል፣ ሁለቱም ይቀራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አነጋግሩ። በፍጹም ሰልፍ ላይ፣ ሰው ፊት አትጠይቁ። ማንበብ አለመቻል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲደብቀው የኖረ ነገር ነው። «መነጽሬን ረስቼ» ሲሏችሁ አትከራከሩ። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ» ብላችሁ አስቀምጡና ወሬ ጀምሩ። «ፈተና» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

ጠረጴዛው ላይ የምታውቋቸውን ነገሮች ዘርግፉ። የውሃ ቢል፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሐኪም ቤት የቀጠሮ ካርድ፣ ስልክ ላይ የገባ የቴሌብር መልእክት፣ የታክሲ ታፔላ ፎቶ። «ይቺ የምን ናት?» በሉ። ሰውየው ቢሉን በቀለሙና በአርማው ካወቀው፣ «ስንት ክፈል ይላል?» ብላችሁ ቀጥሉ። ዓይኑ ወደ ቁጥሩ ከሄደ ቁጥር ያነባል ማለት ነው።

ፊደል ገበታ ስታሳዩ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወጣዋል፣ አንዱን ፊደል ለይታችሁ ስታሳዩት ግን ይጠፋዋል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን አሳምረው ያውቁታል። ሀ ሁን የጨረሰ ልጅ አ ቡ ጊ ዳ ብሎ እንደገና የሚጀምረው በቃል የያዘውን በዓይኑ እንዲለይ ነው። እናንተም ወረቀት ቀዳችሁ ገበታውን ሸፍኑና በቀዳዳው አንድ አንድ ፊደል ብቻ አሳዩ። «ለ»ን ካወቀ «ሌ»ን፣ ከዚያ «ሎ»ን ጠይቁ። በመጨረሻ ስሙን ይጻፍ። እስክሪብቶ አያያዙ ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

በመዝገባችሁ ላይ ከስሙ ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ያነባል፣ ምን ይጽፋል፣ ለምን መጣ። ሦስተኛውን አደራ። አንዷ «ባንክ አሻራ ማድረግ መረረኝ፣ መፈረም እፈልጋለሁ» ትላለች። ሌላዋ የልጇን ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ማየት ትፈልጋለች። አንዱ መንጃ ፈቃድ ያስባል። አባባ ዳዊታቸውን ይዘው፣ ለዘመድ ደብዳቤ መጻፍ ይሻሉ። የትምህርታችሁ ዕቅድ ከዚህ ዝርዝር ይወጣል፤ መጽሐፉ ያግዛል።

ሰዓትና ቦታ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። «ጎልማሳ ማታ ይማራል» የሚለው ልማድ መሀል ከተማ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የጉሊት ነጋዴ ገበያዋ የሚደራው ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ነይ ብትሏት ገቢሽን ተዪ እያላችኋት ነው። ለእሷ ጠዋት 4 ሰዓት ይሻላል። ሰው ቤት የምትሠራዋ የምታገኘው እሁድ ከሰዓትን ይሆናል። ጥበቃዎች በፈረቃ ስለሚሠሩ አንድን ትምህርት በሁለት የተለያዩ ቀናት ደግማችሁ አስተምሩ።

ቦታውን በመኖሪያ ሳይሆን በመዋያ ምረጡ። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ዳር ከተማ የገቡ ብዙዎች ዛሬም እንጀራቸው መሀል ከተማ ነው። ማታ ታክሲ ተሰልፎ ሁለት መኪና የሚቀያይር ሰው ከሥራው ሃያ ደቂቃ የሚርቅ ክፍል አይመጣም። መርካቶ ለሚውለው መርካቶ ውስጥ፣ አራት ኪሎ ለሚውለው እዚያው ፈልጉ። የእድር አዳራሽ ብዙ ቀን ባዶ ነው።

ዘመኑን ስታቅዱ በዓላቱን አስቡ። ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ላይ መጀመር ጥሩ ነው። በረመዳን የማታ ክፍል በኢፍጣር ሰዓት እንዳይገጥም አስተካክሉ።

አመቻች፣ ማለትም አስተማሪ፣ ስትፈልጉ ከዲግሪው ይልቅ ትዕግሥቱን እዩ። ትልቅ ሰውን «አንቺ፣ ተነሽ» የሚል አስተማሪ በአንድ ቀን ክፍል ይበትናል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሰፈሩን የምታውቅ፣ «አባባ፣ ይሞክሩት» የምትል ልጅ ትበልጣለች። ክፍያዋ ትንሽም ቢሆን በቀኑ ይሰጣት። በነፃ ላግዝ የሚለውን ተማሪ በረዳትነት ያዙት፤ የራሱ ፈተና ሲደርስ ስለሚሄድ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አትጣሉበት።

ለማስተማሪያ ቴሌብርን የመሰለ ነገር አላገኘሁም። የመጀመሪያ ሥራችሁ የመተግበሪያውን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየር ይሁን። አንዲት ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ብር በገባላቸው ቁጥር ስልካቸውን ለጎረቤት ሱቅ ልጅ ይሰጡ ነበር። «ገብቷል» ካላቸው ገብቷል፣ «የለም» ካላቸው የለም። ክፍል ውስጥ መልእክቱን በትልቁ ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። በመጀመሪያ «ብር» የሚለውን ቃል ብቻ ፈለጉ። ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን ቁጥር፣ ቀጥሎ የላኪውን ስም። ከዚያ መልእክቱ ከማን እንደመጣ ማየት፤ የቴሌብር ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ስልክ ቁጥር «ብር ገብቶልዎታል» ካለ እቃ አይሰጥም። አንድ ቀን ደንበኛ ከራሱ ስልክ የጻፈውን መልእክት ሲያሳያቸው «ልጄ፣ ይሄ ከ127 አይደለም» ብለው እቃቸውን መልሰው ወሰዱ። በቀጣዩ ትምህርት ላይ ከማንም ቀድመው ተገኙ።

ሒሳብ ላይ መደመር ለማስተማር አትድከሙ። የጉሊት ነጋዴ በቃሏ ከናንተ ትፈጥናለች። የሚያስፈልጋት የዱቤ ደብተር መያዝ ነው፦ ስም፣ እቃ፣ ብር፣ ቀን። የሰዓት ነገርም አይረሳ። የቀጠሮ ካርዱ በኛ ሰዓት፣ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያለፈው ሰው ብዙ ነው፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጡት።

ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ ማሻሻል የሚቻለው በመቅረት መዝገብ ነው። «ቀሪ» ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻውን ምንም አይነግርም። ሁለት ጊዜ ለቀረ ሰው ደውሉና ምክንያቱን ከጎኑ ጻፉ፦ ልጅ ታሞ፣ አሠሪዋ ከልክላ፣ ለቅሶ፣ ትምህርቱ ከብዶት። በወሩ መጨረሻ ምክንያቶቹን ቁጠሩ። «ከብዶኝ» የሚለው ከበዛ ችግሩ ማስተማሩ ላይ ነው። «አሠሪዬ» ካለች ሄዳችሁ አሠሪዋን በትህትና አነጋግሩ፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ። ልጅ የሚይዝ ሰው መቅጠር ደግሞ ከአዲስ ሰሌዳ ይበልጣል።

ለውጡን የምትለኩት በመጣበት ምክንያት ነው። መፈረም ፈልጋ የመጣችው ባንክ ሄዳ ፈረመች ወይ? ካልሆነ የቀረው ምንድን ነው?

ሲጨርሱ ዝም ብላችሁ አትሸኟቸው። ጋዜጣ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ መጽሔት፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ተረት የሚዋሱበት መደርደሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። መቀጠል የሚፈልጉትን ደግሞ በክረምቱ ስም ዝርዝራቸውን ይዛችሁ የማታ ትምህርት ቤት ሂዱ። የትኛው ክፍል እንደሚቀበላቸውና ምን ማስረጃ እንደሚጠየቁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መስከረም ላይ ከተሄደ ቦታ ሞላ ይባላል።